ቁራጩ የባለቤቱ ነው

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለቁልፌ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? እኔ ደህና ነኝ። እትዬህም ደህና ናት፤ ጉንጭና ጉንጭህን ስሜሃለሁ ብላለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ብዕር አላነሳሁልህም። አንተ ሦስት ጊዜ ጽፈህ መልስ ስታጣ ተውከው፤ አልፈርድብህም። ዛሬ የጻፍኩልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። አንድ ሙሉ ልብስ ምረጥልኝ። አዎ፣ ከዚያው ከምትሠራበት ሱቅ፣ ከመስቀያ ከሚወርደው። ሳቅህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። «የተሰቀለ ነገር የሚወርደው ለቀብር ነው» ብዬ በር ላይ የሸኘሁህ እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና ነገሩ፣ ጠላቴን አንዴ በቅርብ ልየው ብዬ ነው።

ልኬን እነሆ። ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ ሰማንያ ስድስት፣ ትከሻ አርባ አምስት፣ እጅጌ ስልሳ አንድ፣ ሱሪው ከወገብ እስከ ጫማ አንድ መቶ ሁለት። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ግራጫ ይሁን፤ ባለ ሁለት ቁልፍ። ሽቅርቅር ነገር እንዳትልክብኝ፣ ሙሽራ አይደለሁም።

መስመሩ ቢጣመም በእኔ አትፍረድ፤ ብዕሩ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አጎትህ ልብስ ሰፊው


ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ካሉበት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እትዬን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ልገባ ስል ነው። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳይ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ሰው ሁሉ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፋል፤ እርስዎ «ደህና ነኝ» ብለው ነጥብ አኑረዋል። ግድ የለም። ስድስት ዓመት ያኮረፈ ሰው ልብስ ምረጥልኝ ካለ፣ ናፍቆኛል ከማለት የበለጠ ተናግሯል ብዬ ተረጎምኩት።

ሱቃችን ትልቅ ሕንፃ ሥር ነው። ሦስት ወገን መስታወት አለው፤ ሰው ሲቆምበት ጀርባውን አይቶ የሚደነግጥበት። ሌሎቹ ሻጮች ሜትር ፍለጋ ሲራወጡ እኔ ደንበኛው ከበር እስኪገባ ልኩን በዓይኔ አንብቤ ኮቱን ይዤ እጠብቃለሁ። ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ «ከአጎቴ» እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሦስት ልብስ አወረድኩ። የመጀመሪያው ሲያዩት ያምራል፤ ግን ጨርቁን በጡጫዬ ጨብጬ ስለቀው ፊቱን እንዳጨማደደ ቀረ። ሁለተኛው ትከሻው ስፖንጅ ብቻ ነው፤ የለበሰው ሰው ሌላ ሰው የተሸከመ ይመስላል። ደግሞ የኮሌታውን እጥፋት በጣቴ ስፈትሸው ጨርቁና ውስጡ በሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ ሁለት ዝናብ ቢያገኘው ያብጣል። ሦስተኛውን ያገኘሁት ከመጋዘን ነው። ውስጡ በክር የተያዘ፣ ገበሩ የማይንሸራተት፣ ጨርቁ ጨብጠው ሲለቁት ምንም እንዳልሆነ የሚመለስ። ገንዘብ ተቀባያችን ደረቱ እንደ እርስዎ ዘጠና ስምንት ስለሆነ ለምኜ አለበስኩት፤ ከዚያ በጎኑ ወደ ግድግዳ አስጠጋሁት። ክንዱ ቀድሞ ግድግዳ ከነካ ትከሻው ልክ ነው፤ ኮቱ ቀድሞ ከነካ ሰፊ ነው። ክንዱ ቀደመ። «እኔ የአጎትህ አሻንጉሊት ነኝ ወይ?» እያለ ሲያጉረመርም ዋለ።

እጅጌው ላይና አንገቱ ውስጥ የነበረውን የፋብሪካ ምልክት ፈትቻለሁ። በግራው የውስጥ ኪስ ጥልቅ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት የጥፍር ያህል ጨርቅ አለ፤ ካልወደዱት ይቁረጡት። የኪሶቹ አፍ በላላ ክር የተሰፋ ነው፤ እሱንም ይፍቱት፣ ኪስ የሌለው ልብስ መስሎዎት እንዳይስቁብኝ።

የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ነው፤ ቁራጭ የለውም። እርስዎ ቤት ልብስ ሲያልቅ የተረፈው ጨርቅ ሁሉ በክር ታስሮ ለባለልብሱ ይሰጥ ነበር። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኮት የተረፈች፣ መዳፍ የማታክል ቁራጭ ለመርፌ መሰኪያ ብዬ ኪሴ ስከት ያዙኝና «ቁራጩ የባለቤቱ ነው፤ ቁራጭ ያስቀረ ሰፊ ነገ ሙሉውን ያስቀራል» ብለው በእግሬ ቤታቸው ድረስ አስኬዱኝ። ያንን ኮት እኮ ከዳይሬክተሩ ይልቅ የለበስኩት እኔ ነበርኩ! እሳቸው ለመለካት ጊዜ ስለሌላቸው እኔን በምትካቸው ያቆሙኝ ነበር። ቁመታችን አንድ፣ የሁለታችንም የግራ ትከሻ ዝቅ ያለ፤ የእሳቸው ከተፈጥሮ፣ የእኔ ደግሞ የከሰል ካውያ ከመሸከም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የሄድኩ ዕለት ጠዋት፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ፣ ሜትርዎን አንሥተው ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለኩኝ። ደብተርዎ ላይ ጻፉት፣ ዘጉት፣ ወደ ስፌት መኪናዎ ዞሩ። ለምን ነበር?

በጤና ይልበሱት። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ቁልፌ


ጥር 21 ቀን

ለቁልፌ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን።

ልብሱ ደርሷል። ደህና ነው። ያየውም ሰው መልካም ብሏል። ሳልጽፍልህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ሌላ ምረጥልኝ። ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ይወፍራል፤ ወፍሬያለሁ። ደረት መቶ አሥር፣ ወገብ መቶ ስድስት፣ ትከሻ አርባ ስምንት፣ እጅጌ ሃምሳ ስምንት፣ ሱሪ ዘጠና ስድስት። ቡናማ ይሁን። ምልክት የሚባል ነገር ሁሉ አንተው ፍታው፤ የአንገቱንም፣ የእጅጌውንም፣ የኪሱንም። ቆዳዬን ያሳክከኛል።

ደግሞ ከዚያው ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብታገኝ አብረህ አስቀምጥልኝ። ሲቀደድ መጣፊያ ይሆናል።

በርታ።

አጎትህ


የካቲት 8 ቀን

ለጋሼ፤

ጤናዎን እንደሚወፍሩት ያብዛልዎ።

ልብሱን መርጫለሁ። ገንዘብ ተቀባዩ አልሆነኝም፤ የሕንፃውን ጥበቃ ለመንኩ። ሰውዬው መስታወቱ ፊት ቆሞ «እኔ ይሄን ያህል ነኝ?» ብሎ አዘነ፤ ከዚያ ከኋላ ሲያየው ወደደውና አላወልቅም አለ። በስንት ልመና አወለቀው።

ቁራጭ ያሉኝ ግን አስቸግሮኛል። ዝግጁ ልብስ ቁራጭ የለውም፤ ትርፍ ቁልፍ በከረጢት ይሰጣሉ እንጂ። የሱሪው ጫፍ ሳይጠለፍ ረዝሞ ስለሚመጣ ከእሱ ቆርጬ ሁለት ጥብጣብ አስቀምጬልዎታለሁ። እኛ ሱቅ ይህ በየቀኑ በጆንያ የሚጣል ነው።

እስቲ ቀልድ ይፍቀዱልኝ። በአራት ወር ደረትዎ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሰፍቷል፤ ይሁን፣ እትዬ እጃቸው ይባረክ። ክንድዎ ግን ሦስት ሴንቲ አጥሯል። ሰው ይወፍራል እንጂ ክንዱ አያጥርም ጋሼ። ወይስ እዚያ ቤት የሚበላው ከክንድ ተቆርጦ ነው?

የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም፤ ምናልባት ገጹ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

ቁልፌ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለቁልፌ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ልብሱ በደህና ገብቷል።

ስለ ክንዴ ለቀለድከው መልሱ ቀላል ነው፤ ሜትሩ አርጅቷል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሜትር ይለጠጣል። አንተም ዕድሜህ ሲገፋ ታየዋለህ።

አሁን ደግሞ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ያስፈልገኛል፤ ለክብር ቦታ የሚለበስ። ደረት መቶ ሁለት፣ ወገብ ዘጠና፣ ትከሻ አርባ ሰባት፣ እጅጌ ስልሳ አራት፣ ሱሪ መቶ ስምንት። መኪና ላይ መጎንበስ የግራ ትከሻዬን በአንድ ጣት ዝቅ አድርጎታል፤ ስለዚህ የግራውን ትከሻ ፍታና ስፖንጅ ጨምርበት። ይህን ካንተ በቀር የሚያውቅበት የለም። ምልክቱን እንዳለፈው ሁሉ ፍታ። ቁራጩንም አትርሳ። እስከ ሰኔ መጀመሪያ ቢደርስልኝ።

እጅህ ይባረክ።

አጎትህ


ግንቦት 1 ቀን

ለአጎቴ፤

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ።

የታዘዘው ተልኳል። የግራው ትከሻ ስፖንጅ ተጨምሮበታል። ገንዘብ ተቀባዩንም ጥበቃውንም አላስቸገርኩም፤ በራሴ ላይ ለካሁት፣ ልክ ሆነ። ቁራጩ በክር ታስሯል።

የውስጥ ኪሱን አፍ አልፈታሁትም። ባለቤቱ ይፍታው።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 18 ቀን

ለቁልፌ፤

ይህን ታግሠህ አንብበው።

ትናንት ከቀትር በኋላ ዳይሬክተሩ ሱቄ መጣ። ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቁር ሰማያዊውን ኮት በክንዱ ይዟል። ሰላም አለኝ፣ ኮቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ ኮሌታውን ገለበጠ። ከኮሌታው ሥር ሦስት ቀይ ስፌት አለ፤ ከእጄ የወጣ ልብስ ሁሉ የሚታወቅበት። ከዚያ የግራውን የውስጥ ኪስ ልክ እንደ ካልሲ ገለበጠው። ተማሪዎቹን በሚያሰናብትበት ቀን የንግግሩን ወረቀት ሊከት የኪሱን አፍ ሲፈታ ነው ያገኘው።

«ይህን አንብብልኝ» አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። ኪሱን አየሁ፣ ገበሩን አየሁ፣ ሌላ ምንም አላየሁም። «የቱን?» አልኩት።

ከዚያ ጣቴን ይዞ የፋብሪካው ቁጥር የተጻፈባት የጥፍር ያህሏ ጨርቅ ላይ አኖራት። ዳበስኳት። እንኳን ልቆጣ፣ ለመዋሸትም ጊዜ አላገኘሁም።

«ወንድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?» አለኝ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ፤ ሰዎቹ ግን ጆሮ አላቸው። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህች ክፍል ውስጥ ስሰፋ ማንም «ይህ የማን እጅ ነው?» ብሎኝ አያውቅም።

ላንተ አሁን ልንገርህ፤ ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ መርፌው ጠፋኝ፣ ቀጥሎ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ። ቀይ ክር ብቻ አሁንም ይታየኛል።

ለያንዳንዱ ልብስ ምልክቱን ሁሉ ፍታ ብዬህ ነበር። ሁለተኛው ላይ አንዲት ክር አላስቀረህም። ይህቺን ግን ረሳሃት። ሥራ ሲበዛ ይረሳል። «ረስቼው ነው» ብለህ ጻፍልኝ፤ አምንሃለሁ።

አጎትህ


ነሐሴ 2 ቀን

ለአጎቴ፤

አልረሳሁትም።

ሌሎቹን ሁሉ ፈትቼ እሷን አስቀረሁ። መቀሱን ሁለት ጊዜ ኪሱ ውስጥ አስገብቼ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ከዚያ የኪሱን አፍ በፋብሪካው ዓይነት መልሼ ሰፋሁት። እርስዎ ያስተማሩኝ ስፌት ስለሆነ ማንም አይለየውም።

መቼ እንደገባኝ ልንገርዎት። ክንድዎ ያጠረ ቀን ጠረጠርኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ በቀልድ አለፍኩት። የተለጠጠ ሜትር ሁሉንም ልክ ያሳንሳል እንጂ ደረት አስፍቶ ክንድ አያሳጥርም፤ ይህን ለእኔ የሚጽፉልኝ ማን አስተምሮኝ ነው? ቁራጭ ሲጠይቁኝ ግን የማልሸሸው ነገር መጣ። ለራሱ ልብስ የሚለብስ ሰው በክር የታሰረ ቁራጭ ምን ያደርግለታል? ቁራጭ የሚሰጠው ለደንበኛ ነው። የዳይሬክተሩን ትከሻ ሲጽፉልኝ ደግሞ ሜትር አላስፈለገኝም። ያ ትከሻ እኔ ስቆምበት ያደግኩት ነው።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ። ያችን የጥቅምት ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛ ነበር። ለገንዘብ ተቀባዩ «አጎቴ ታረቀኝ፣ እኔ የመረጥኩትን ልብስ ሊለብስ ነው» ብዬ አውርቻለሁ። የታረቁኝ መስሎኝ ነው እንጂ ለካ ልብስ የሚልክ መጋዘን ነው የፈለጉት። ላዩ ደብዳቤ፣ ውስጡን ለቄስ።

ስድስት ዓመት ከሰው ቁጥር ያወጡኝ እኮ በዚሁ ልብስ ነው! እናቴ ስትሞት እንኳን በሦስት መስመር በሰው እጅ ነው ያስነገሩኝ። «ከመስቀያ የሚወርድ ልብስ የማንም ልብስ አይደለም» አሉኝ። አሁን ያንን የማንም ያልሆነ ልብስ ወስደው፣ ከኮሌታው ሥር ቀይ ክር ሰፍተው የራስዎ አደረጉት። እኔ ስሸጠው ስሙን ጠርቼ ነው የምሸጠው። ዓይኔ ጠፋ ቢሉኝ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ዓይን ሆኜ እመጣ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። እርስዎ ግን እውነቱን ለእኔ ከመናገር ለሰው መዋሸት ቀለልዎት።

የከዳሁዎት ይመስልዎታል፤ ከድቻለሁ። ግን ሁለተኛ ነኝ።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ይህን የምጽፈው እኔ እትዬህ ነኝ። እሱ መኪናው ጎን ተቀምጦ ይናገራል፤ እኔ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍራለሁ። እንዲህ ይላል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። ሰው ልክ ልኩን የሚነገረው በቃል ነው፤ አንተ በጨርቅ ነገርከኝ። ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ተሳስተሃል፤ እሱን አርሜ ዝም እላለሁ።

የመጀመሪያው ልብስ የእኔ ነበር። ልኩም የእኔ ነው፣ ታውቀዋለህ። ለራሴ መስፋት ሲያቅተኝ፣ የማንንም ከምለብስ አንተ የመረጥከውን ልልበስ አልኩ። ጠላቴን ልየው ያልኩት ሰበብ ነው። ለብሼው አንድ ቀን ስብሰባ ሄድኩ። ሰው ከበበኝ። «እጅህ እኮ ጨርሶ አላረጀም» አሉኝ፤ ጨርቁን እየዳሰሱ፣ ትከሻውን እያዩ። ይህን የመረጠው የእህቴ ልጅ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኩም። አንዱ ወፍራም ነጋዴ «ለእኔም እንዲሁ አድርገህ ስፋልኝ» አለ። እሺ አልኩ። ውሸቴ ከዚያ በላይ ቃል የለውም፤ ዝም ማለትና እሺ ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ አልታረቁኝም ያልከው ውሸት ነው። ታርቄህ ነበር። ከታረቅኩህ በኋላ ነው የከዳሁህ።

ዳይሬክተሩን ባዶ እጁን ልሰደው አልቻልኩም። ገንዘብህን ውሰድ ብለው እምቢ አለ። «እኔ የከፈልኩት ለእጅህ ነው፤ ከእጅህ የወጣ ነገር ስጠኝ» አለ። ልክ ነው። ከእጄ የወጣ፣ እኔው ቆርጬ እኔው የሰፋሁት አንድ ልብስ ነው በቤቱ የቀረው። እሱን ሰጠሁት። ለካነው፤ ከሰውነቱ ጋር የተወለደ ይመስል ነበር።

እሱ የሚለው እዚህ ላይ አበቃ፤ ውሃ ሊጠጣ ወጥቷል። አሁን የምጽፈው የራሴን ነው፣ ልጄ። የትኛው ልብስ እንደሆነ አይነግርህም፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም። አንተ የሄድክ ዕለት ጠዋት ለካህ አይደል? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ አልሸጥም ብሎ የደበቀውን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አውርዶ ቆረጠው። ሌላ ሥራ እየሠራ በመካከል በመካከል እየነካካ አምስት ወር ፈጀበት። የግራውን ትከሻ አራት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው፤ «ካውያ ያሸከምኩት እኔ ነኝ፣ የማቃናውም እኔ ነኝ» እያለ። ሲመጣ ይለብሰዋል ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ በወረቀት ሸፍኖ ሰቀለው። እኔ «ላክለት እንጂ» ስለው «ልብስ ሰውን ይጠራል እንጂ ሰውን ተከትሎ አይሄድም» ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ አቧራውን ያራግፍ ነበር። ዓይኑ ከጠፋም በኋላ በእጁ ዳስሶ ያራግፈው ነበር። አንተ የጠየቅከው ይህንን ነው፤ መልሱ ስድስት ዓመት መስቀያ ላይ ነበር።

የሰፋው ላንተ ነው። የዳይሬክተሩ ትከሻ ሆኖ ተገኘ። መጥቷል፤ ሳያውቅብኝ እዘጋለሁ።

እትዬህ


ጥቅምት 14 ቀን

ለጋሼ፣ ለእትዬም፤

በምን አፌ ሰላም እንደምላችሁ አላውቅም። እንደምን ናችሁ?

የእትዬን ጽሕፈት ሱቁ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ደንበኛ ነበረኝ፤ ሱሪው እስከ የት ይጠር ብሎ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ከእግሩ ሥር ተንበርክኬ መርፌ በአፌ ይዤ ቀረሁ። ሰውዬው «ምን ሆንክ?» ሲለኝ መርፌ ወጋኝ አልኩት።

ጋሼ፣ አሁንም ተናድጄብዎታለሁ፤ አልዋሽም። አንድ መስመር ጽፈው «ልብስ ሰፍቼልሃለሁ» ቢሉኝ ስንቱ ነገር አይመጣም ነበር። ግን ያችን ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ስተው የራሴን ልብስ ከመስቀያ እያወረድኩ እንደነበር አላወቅኩም። በገዛ እጄ፣ በራሴ ላይ ለክቼ «ልክ ሆነ» ብዬ ጻፍኩልዎት።

ልብሱን መልሱልኝ አልልም። የሰጡትን የሚነጥቁ ሰው አይደሉም፤ ዳይሬክተሩም ተገቢውን ነው ያገኙት። የምለምንዎት ቁራጩን ነው። ያን ያህል ጨርቅ ሲቆረጥ የተረፈ አይጠፋም። መዳፍ የማታክል ብትሆንም ትበቃኛለች። ደረት ኪሴ ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ ሌላ ምንም አላደርጋትም። ይህቺን ብቻ።

በክረምቱ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። አልፈልግህም ቢሉኝም እመጣለሁ፤ መርፌውን የሚሰካልዎት ሰው ያስፈልግዎታል።

ቁልፌ


ኅዳር 20 ቀን

ለቁልፌ፤

ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን በራሴ እጅ እጽፋለሁ ብዬ እትዬህን አስነሥቻታለሁ። በቀይ ብዕር የጻፍኩት ስለሚታየኝ ነው፤ ቁጣ መስሎህ እንዳትደነግጥ። መስመሩ የተጣመመው በብዕሩ አይደለም፤ ያኔም በብዕሩ አልነበረም።

እመጣለሁ ያልከውን ሰምቻለሁ። በሩ አልተቆለፈም። የምታገኘው ግን የተዘጋ መኪናና አንድ ጨርቅ የሚዳስስ ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ተስፋ ይዘህ እንዳትመጣ። ደንበኞቼ ሄደዋል። የቀሩት ቁልፍ ለማስተከል የሚመጡ ናቸው፤ እሱንም እትዬህ ትተክላለች።

ቁራጩን ጠይቀሃል። ነበረ። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አንድ፣ መዳፍ የሚያክሉ ሦስት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከልብሱ ጋር ታጥፎ በወረቀቱ ውስጥ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ልብሱን የወሰደ ዕለት በክር አስሬ አብሬ ሰጠሁት።

ደንቡን ታውቀዋለህ።

አጎትህ